እውነትና ንጋት

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ክርክር በተነሣ ቁጥር ከተናቀው ሰው ወገን መቆም ልማዳችን ነው። ከሳይንስ ተማሪዎች ጋራ ስለ ቀዝቃዛ ፊውዥን ስንከራከርም «ጋሊሌዮንስ መጀመሪያ ማን አመነው?» ብለን የረታን መሰለን። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ነገሩን ስናነብ ግን አፈርን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በማርች 23 ቀን 1989 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞች ሰብስበው አንድ ብርቱ ነገር ተናገሩ። ይኸውም ፓላዲየም የተባለውን ብረት በከባድ ውሃ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ቢያሳልፉበት፣ ከገባው ኃይል የበለጠ ሙቀት ወጣ፤ ይህም በፀሐይ ውስጥ እንደሚሆነው ያለ የአቶም እምብርት መዋሐድ ነው አሉ።

ዓለም ተደነቀ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሥራውን ለመድገም ተሽቀዳደሙ፤ አብዛኞቹ ግን አላገኙትም። ደግሞም ሙቀቱ ከተለመደው ፊውዥን የመጣ ቢሆን ኖሮ አብሮት የሚወጣው ኒውትሮን አጠገቡ የቆመውን በገደለ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን በደኅና ቆመው ይናገሩ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያቆመው ጉባኤ ማስረጃው አያሳምንም አለ። በ2004 እንደገና ቢታይም ፍርዱ ብዙ አልተለወጠም። ጉግል ገንዘብ የሰጣቸው ተመራማሪዎችም ለዓመታት ደክመው ምልክቱን እንዳላገኙ በ2019 በኔቸር መጽሔት ጻፉ።

ታዲያ በሩ ተዘግቷል ወይ? አልተዘጋም። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ጉዳዩን ለሚመረምሩ ስምንት ቡድኖች እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

አልፍሬድ ቬገነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ቢል ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1930 ሞተ፤ ሐሳቡ የታመነው በ1960ዎቹ የባሕር ወለል ሲመረመር ነው። እንግዲህ ቬገነርን ያጸደቀው ምርመራው እንጂ መናቁ አይደለም። ተንቀው የቀሩ፣ በእውነትም የተሳሳቱ፣ ስንት አሉ!

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ንጋት ግን ማንም ሳይነካው ይጠራል፤ የሳይንስ እውነት የሚጠራው አንዱ ያየውን ሌላውም ሠርቶ ሲያየው ነው። ቀዝቃዛ ፊውዥን አንድ ቀን ይታመን እንደ ሆነ ለሚጠይቀን መልሳችን ይኸው ነው፤ የተጠራጠሩት ራሳቸው ሠርተው ሲያገኙት ይታመናል፤ ካላገኙት አይታመንም። ለተናቀ ማዘን ደግ ነው፤ ማዘን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሳናነብ ስለ ጮኽንባቸው የሳይንስ ጓደኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። እነርሱም ሳያነቡ ስቀው ከሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁላችንም ክፍት ነው።