ከማጽናናት ማገዝ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው የተጨነቀውን ሲያጽናና መልካም የሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ማጽናናቱ ማገዝን የሚያስቀር ሲሆን በደል ነው። እኔ ይህን በደል በገዛ እኅቴ ላይ ፈጽሜአለሁ።

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው በሐይቅ ከተማ ነው። ልጇ ሁለት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታም ነበር። ስሙን ሲጠሩት ዞሮ አያይም፤ የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ እንስራው ይጎትታል እንጂ ፊቷን አይመለከትም። ከጎረቤት አንዱ የሰው ዓይን ነው፥ ሌላው ያቀበጠችው እርሷ ናት ይላል። እኔም ተምሬአለሁ ባዩ፥ «እታለም፥ አትጨነቂ፤ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አልኋት። በዚህ ቃል አንድ ዓመት አለፈ። ተመልሼ ብሄድ፥ «ሁላችሁም አጽናናችሁኝ፤ ያገዘኝ ግን አንድም የለም» አለችኝ። ይህ ንግግር እንቅልፍ ነሣኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን መረመርሁ። ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እርግማንም የእናት ጥፋትም አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለዚህ በግልጽ ሲናገሩ ኖሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ዕድገታቸው የሚያሳስብ ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ትምህርት አዘጋጅቷል። 9 የጋራ ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ይህ ትምህርት በአዲስ አበባና በጎንደር በኩል ባለችው በጭልጋ ተሞክሯል። ሐኪም የሕመሙን ስም እስኪነግር አያስጠብቅም። ልጁ በያዘው ነገር አብሮ መጫወትን፥ በአጭር ቃል መናገርን፥ ከዚያም ዝም ብሎ መልሱን መጠበቅን ያስተምራል። ጆሮው መስማቱንም በጊዜ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ይህን ለእኅቴ ነገርኋት። ልጁ በሐይቁ ዳር ጠጠር ወደ ውሃ መጣል ይወዳል፤ ቀድሞ ትጎትተው ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አንድ ጠጠር ጣለች፤ «ጠጠር» ብላም ጠበቀች። በየቀኑ እንዲህ አደረገች። ከብዙ ቀን በኋላ ልጁ ጠጠሩን ለእርሷ ዘረጋና ፊቷን አየ። እኅቴ አለቀሰች።

ዛሬም በቅጡ አይናገርም፤ እናቱ ግን ብቻዋን አይደለችም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። አንተም፥ አንቺም፥ እናት «ልጄ አሳሰበኝ» ስትላችሁ፥ «ይተወዋል» ብላችሁ አትለፏት፤ ተነሥታችሁ አግዟት።