ጥላ አመድ አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ በታብሌት ስዕል እየሳለ የሚተዳደር አንድ ወጣት አለ። አንዲት ሴትዮ የእናታቸውን ያረጀ ጉርድ ፎቶ ይዘውለት መጡ። ለሙት ዓመቷ በትልቁ እንዲሳልላቸው ፈለጉ። ልጁ ሦስት ቀን ደከመበት። ዓይኑ ልክ ነው፣ አፍንጫው ልክ ነው፣ የነጠላው ጥለት ሳይቀር ልክ ነው። ሴትዮዋ ግን ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «መልኳስ እሷው ናት። ግን አንተ ልጅ፣ እናቴ ጠይም ነበረች፤ ለምን አመድ ነሰነስክባት?» አሉት።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በየቴሌግራሙ የሚዘዋወሩትን የሙት ዓመት፣ የሠርግና የጀግኖች ስዕሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን አመድ ያውቀዋል።

አመዱ ከየት መጣ? ልጁ ጥላ ለመጣል አዲስ ሌየር ከፍቶ፣ ሞዱን ኖርማል ላይ እንዳለ ትቶ፣ መካከለኛ ግራጫ በ50 በመቶ ኦፓሲቲ ቀባ። ስሌቱን እንየው። የአንድ ጠይም ፊት ቀለም ቀይ 160፣ አረንጓዴ 105፣ ሰማያዊ 70 ነው እንበል። ግራጫው ሦስቱም ላይ 128 ነው። ኖርማል ሁለቱን ያማክላቸዋል፦ ቀዩ ከ160 ወደ 144 ይወርዳል፤ ሰማያዊው ግን ከ70 ወደ 99 ይወጣል። ጥላ ይጨልማል ተብሎ የተቀባው ቀለም ፊቱን በከፊል አነጣው ማለት ነው። አመድ የሚባለው ይኸው ነው።

መልቲፕላይ የሚባለው ሞድ እንደ ስሙ ያባዛል። ያንኑ ግራጫ በሙሉ ኦፓሲቲ ብናባዛው ቀለሙ 80፣ 53፣ 35 ይሆናል። ሦስቱም በእኩል መጠን ወረዱ፤ ጠይምነቱ አልጠፋም። ነጭ ሲባዛ ምንም አይነካም፣ ጥቁር ሲባዛ ሁሉን ያጠፋል።

ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልግም። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ በሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። እዚያ ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ መስታወት ቀዩን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ሁለት መስታወት ቢደራረብ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። መልቲፕላይ ማለት ያ መስታወት ነው።

ሆኖም ሞዱን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የጥላው ቀለምም መመረጥ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ጠዋት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው የለበሰውን ነጭ ጋቢ ተመልከቱ። ፀሐይ የነካው ወደ ቢጫ ያደላል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ግን ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ያልደረሰበትን የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ብርሃን የሚባዛው ቀለም ግራጫ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው። አንኮበር ጉም ውስጥ ግን ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላው ጠርዝ የለውም፤ እዚያ ስል ጥላ መጣል ውሸት ነው።

ሌላም ስህተት አለ። ብዙ ልጆች የጥላ ቀለም የሚገለብጡት ለነጭ ቆዳ ከተዘጋጁ የዩቲዩብ ትምህርቶች ነው። ያ ቀለም ጥቁር ፊት ላይ ሲባዛ ጉንጭና አገጭ አንድ ላይ ይሰምጣሉ። ጥቁር ፊትን በይበልጥ ቅርጽ የሚያወጣለት ጥላው ሳይሆን ግንባሩና ጉንጩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። እዚያ ጥላውን ቀለል አድርጎ፣ ብርሃኑን ስክሪን በተባለው ሞድ በጥቂቱ መጨመር ይሻላል። ስክሪን የመልቲፕላይ ተቃራኒ ነው፤ የሚያደርገው ማንጣት ብቻ ነው።

አማርኛ ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ብሎ መልክን ሲለይ ኖሯል። ሴትዮዋ ስለ ሌየር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ግን ጠይም ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስህተቱንም በአንድ ቃል ነገሩት። የሚሳለው ሰው ከሞተ በኋላ ደግሞ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አያቷን ያላየች የልጅ ልጅ አያቷን የምታውቃት በዚያ ቀለም ነው።

ልጁ ግራጫውን ሌየር አጠፋና በሌላ ቀለም መልቲፕላይ ላይ እንደገና ቀባ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሴትዮዋ ሲመለሱ ስለ ጥላው አንድም ቃል አልተናገሩም። «እሷ ናት» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት።