ካቻቪቴ

ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ግራሶ። እነዚህን ቃላት በግጥም ውስጥ አግኝቻቸው አላውቅም። ከጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ በር ወደ አማርኛችን የገቡ፣ ዘይት የጠገቡ ቃላት ናቸው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ በእንግድነት እንጂ በቤተኛነት አያስተናግዳቸውም። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ በባንክ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። ሁለቱም እጅ አያቆሽሹም።

እጄን ያቆሸሹት አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ምጽዋ በነበረው ባሕር ኃይል የመርከብ መካኒክ ነበሩ፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አብረው ሄዱ፤ ከዚያም በስደት እዚህ ሲያትል ደረሱ። ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አገር ቤት ገብተው ቤት ይሠራሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዙ። (እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ ለጊዜው ዝም አለች፤ ቀጥላም ጸበል ይወሰዱ እንደሆነ ጠየቀችኝ።)

ጀልባዋ ዕድሜዋን በጨው ውኃ ላይ ጨርሳ ነው ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ የገባችው። በጣሪያዋ ላይ ብርሃንና አየር የሚያስገቡ ሁለት ክዳኖች አሏት፤ የአሉሚኒየም ክፈፍ በውስጡ ወፍራም መስተዋት መሳይ ፕላስቲክ የታቀፈበት። ፀሐይ ፕላስቲኩን የሸረሪት ድር አስመስላ ሰነጣጥቃዋለች፤ ማሸጊያው ጎማ ደርቋል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው በቀጥታ አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። የሲያትልን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። አጎቴ ክዳኖቹን ሊቀይሩ ወሰኑ፤ ነገር ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እናም ባለፈው ሐምሌ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔ እጅ ተጠራ።

የፊተኛው ክዳን አሥራ ስድስት ቪቴ ነበረው። አንዱም አልነቃነቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፈፉ አሉሚኒየም፣ ቪቴዎቹ ደግሞ የማይዝግ ብረት ናቸው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተነካክተው የጨው ውኃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የተበላው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ደግሞ ከተነሣበት ማዕድን የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በቪቴው ጥርሶች መካከል ታጭቆ ቪቴውን አንቆ ይይዘዋል። የማይዝገው እሱ ራሱ ሳይዝግ ጎረቤቱን ያስበላል ማለት ነው። (እንዲህ ያለ ሰው በመሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ወደዚያ አልገባም።)

አጎቴ በመጀመሪያ ያቀበሉኝ ካቻቪቴ ሳይሆን መርፌ ነበር። በየቪቴው ራስ ላይ ያለውን ቀዳዳ ከዘመናት ቆሻሻ እንዳጸዳ አዘዙኝ። ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የቪቴውን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ ቪቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ የማንንም ቃል አይሰማም። ቀጥሎ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግን፤ ከዚያም ወደ ቤታችን ሄድን። ሳምንቱን ሙሉ ዘይቱ ሥራውን ሠራ። በሁለተኛው ቅዳሜ ካቻቪቴውን ቪቴው ራስ ላይ ተክዬ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁ፤ ንዝረቱ ዱቄቱን እንዲሰባብረው። ልፈታ ወደ ግራ ሳዞር፣

“ወደ ቀኝ!” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማጥበቅ ነው።”

“አዎን፣ ጥቂት አጥብቀው። በለመደበት አቅጣጫ ሲገፋ ይነቃነቃል። ሲነቃነቅ ትመልሰዋለህ።”

ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የባንክ ሰው ነኝና ቆጠርሁ፦ አሥራ አንዱ በዚህ መንገድ ወጡ። ሦስቱ እምቢ አሉ፤ በመበየጃ ካውያ ራሳቸውን አሙቀን አወጣናቸው። የቀሩት ሁለቱ ራሳቸው ተሰርስሮ ተነሣ፤ ክፈፉ ከተላቀቀ በኋላ ቀሪ አካላቸው በፒንሳ ተይዞ ወጣ።

ካውያው እስኪግል በምንጠብቅበት ሰዓት ነው አጎቴ በአገጫቸው ወደ ሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ አመልክተው “መርከባችን የተወለደችው እዚያ ነው” ያሉት።

“የትኛዋ መርከብ?”

“ኢትዮጵያ።”

ማታ ቤቴ ገብቼ አገላበጥሁ፤ እውነታቸውን ነው። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው “ኢትዮጵያ” በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ ሆተን በምትባልና ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል በሆነች ሰፈር ተሠርታ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ውኃ ላይ ወረደች። የዚያን ጊዜ ስሟ “ኦርካ” ነበር፤ ሥራዋም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖችን ማገልገል። በ1962 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ሐይቁ ጨው አልባ ነው፤ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው በ1917 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቦይና የውኃ በር ነው። እሷ በዚያ በር ወጥታ ነው ከጨው ጋር የተዋወቀችው፤ የአጎቴ ጀልባ ደግሞ በዚያው በር ከጨው ሸሽታ ገባች። መርከብ መሥሪያው ዛሬ የለም። በቦታው ሆቴልና ቢሮዎች ቆመዋል፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በዚያ በኩል አልፌያለሁ።

“ስንወርድ ሞተሯ ገና ትኩስ ነበር” አሉ፤ ስለ የመን መናገራቸው ነው። መርከቧ ከዚያ አልተመለሰችም፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ግጥም የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ የተጣበቀ ቪቴንና የተዘጋ አንደበትን ማመሳሰል ይቃጣዋል። አልዋሽም፣ ሁለት ስንኝ ጽፌ ሰርዣለሁ። አጎቴ አንደበታቸው የተዘጋ ሰው አይደሉም፤ ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ። ስለ እርሷ ለማውራት ግን ፊት ለፊታቸው የሚሠራ ነገር መኖር ነበረበት፤ ዓይናቸውም ቪቴው ላይ እንጂ እኔ ላይ አልነበረም።

አዲሱን ፕላስቲክ በአሮጌው ልክ አስቆረጥን፤ ዙሪያውን ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውንለት፤ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ሲሞቅ ከአሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። መፈናፈኛ ያጣ እንደሆነ ይሰነጠቃል። ማሸጊያውን ቀብተን ክፈፉን መለስን፤ አዳዲሶቹን ቪቴዎች አንድ በአንድ ግራሶ እየቀባሁ ሳስገባ፣ አጎቴ “አታጥብቀው” እያሉ አሥራ ስድስት ጊዜ ነገሩኝ። ዛሬ ከጠበቀ ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል፤ ሲደርቅ ነው የመጨረሻው ዙር።

“ግራሶው ለምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ከዓመታት በኋላ የሚፈታው ሰው እንዳይረግመን።”

“ማን ይሆን የሚፈታው?”

መልስ አልሰጡኝም። የግራሶውን ቆርቆሮ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ተመለሰ፤ የፊተኛው አልጋ ደረቅ ነው። የኋለኛው ክዳን ቪቴዎች አሥራ አራት ናቸው፤ ዘጠኙን በመርፌ አጽድቼ ዘይት ጠብ አድርጌባቸዋለሁ፤ አምስቱ ይቀራሉ።