ለባቡር መንገድ ስለ ተለቀቀ ቤት

ለብዙ ሕዝብ የሚጠቅም መንገድ ሲወጣ በአንድ ሰው ደጅ ማለፉ አይቀርም። የአዲስ አበባው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2008 ዓ. ም. በመስከረም ወር መሄድ ሲዠምር እኛም ከተደሰቱት መካከል ነበርን፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ከምኒልክ አደባባይም እስከ ቃሊቲ፥ በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ነውና፥ ለደመወዝተኛውና ለተማሪው ትልቅ ዕረፍት ኾነ። ነገር ግን ሐዲዱ ስላረፈበት ቦታ ለክቡራን አንባቢዎች ጥቂት የምንለው አለን።

ሐዲዱ በአብዛኛው በነባሩ መንገድ መካከል ስለ ተነጠፈ ከመፍረስ የዳነው ቤት ብዙ ነው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይኾንብናል። ኾኖም መንገዱ በሰፋበት፥ ባቡሮቹም በሚያድሩባቸው በአያትና በቃሊቲ ቦታ ያስፈልግ ነበረ። በ1928 ዓ. ም. ፋሺስቶች የገደሏቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ዓ. ም. ከቆመበት ተነሥቶ፥ በብሔራዊ ሙዚየም ከቈየ በኋላ በ2008 ዓ. ም. ወደ አደባባዩ ተመልሷል። ሐውልት ተመልሶ ይቆማል፤ የጭቃ ቤት ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ አይመለስም።

አያታችን ያሠሩት ቤት መንገዱ ከሰፋበት ዳር ነበረ። ከአራቱ ልጆቻቸው አንዷ፥ አክስታችን፥ አባት እናታቸውን ጦረውና ቀብረው በዚያው ይኖሩ ነበር። የማስለቀቂያው ደብዳቤ ሲደርስ ቀነ ገደቡ 90 ቀን ነበረ፤ በ1997 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከዚህ እንዳያንስ ያዝዝ ነበርና። 90 ቀን ዕቃ ለመሸከፍ ይበቃል፤ 40 ዓመት ቡና የተጠራሩትን ጎረቤት ለመሰናበት ግን ያጥራል።

ገማቹ መጥቶ ግድግዳውን ለካ፤ የጣራውን ቆርቆሮ ቈጠረ፤ ማድ ቤቱን፥ አጥሩንና የውሃውን ቧንቧ ጻፈ። ጨዋና ትዕግሥተኛ ወጣት ነበረ። አክስታችን ቡና አቅርበውለት፥ ከጎኑ ተቀምጠው ሲያዩት ቈዩና፥ «ልጄ፥ ዕድሬንስ በየትኛው ዐምድ ጻፍኸው?» አሉት። እርሱም አቀርቅሮ፥ «እማማ፥ ለዕድር የሚኾን ዐምድ በቅጹ ላይ የለም» አለ።

መሬቱማ ከ1967 ዓ. ም. ወዲህ የማይሸጥ፥ በ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም የመንግሥትና የሕዝብ የተባለ ስለ ኾነ ዋጋ አይቈረጥለትም። ካሣው ለቤቱና በቦታው ላይ ላለው ንብረት ነው፤ በዚያን ጊዜ አዋጅ ለከተማ ባለይዞታ ምትክ ቦታና የቤቱ የአንድ ዓመት ኪራይ ግምት ይጨመርለት ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ጋራ ከመከራከራችን በፊት ግን ክርክሩ በቤታችን ውስጥ ተነሣ። ካርታው በአያታችን ስም ነበረ፤ ምትክ ቦታው አንድ፥ ወራሾቹ አራት። ታላቁ አጎታችን «ቦታውም ገንዘቡም ለአራት ይከፈል» አሉ፤ ታናሹ «ማንም እንዳይፈርም» አሉ፤ አክስታችን ዝም አሉ። በአንድ ማዕድ ያደጉ እኅትና ወንድሞች በቆርቆሮ ቍጥር ሲነታረኩ መስማት ከቤቱ መፍረስ ይልቅ ከብዶን ነበር። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውና ሽማግሌዎች ገብተው፥ ቦታው ወላጆቻቸውን ለጦሩት ለአክስታችን፥ ገንዘቡም ለቤት መሥሪያ የሚበቃው ከተነሣለት በኋላ ለወንድሞቻቸው እንዲኾን አስማሙ። እንዲህ ያለ ዕርቅ ያላገኙ፥ እስከ ዛሬም ለቅሶ የማይደራረሱ ቤተ ሰቦችን እናውቃለን።

ከመሥሪያ ቤቱ ጋራ የነበረን ቅሬታ በግምቱ ላይ ነው። የዚያን ጊዜው አዋጅ ቅሬታ ማቅረብን ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን በካሣ ላይ የሚነሣ ቅሬታ ማስለቀቁን አያዘገይም ይል ነበር። ስለዚህ አቤቱታችን የተሰማው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሰሚዎቹ ያዩት ወረቀት ብቻ ነበር፤ የግድግዳውን ውፍረት፥ የወራጁን ጥድ ከቶ አላዩም። ለአጥሩ ጥቂት ተጨመረልን። ሠራተኛና መኪና ቆሞ ሲውል ኪሣራው የሕዝብ መኾኑ ይገባናል፤ ኾኖም ቤቱ ቆሞ ሳለ ሰሚዎቹ ከገማቹ ጋራ መጥተው ቢያዩት ኖሮ፥ የሚባክነው ኹለት ቀን፥ የሚቀረው ክርክር ግን የኹለት ዓመት ነበረ።

ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማኅበራዊ ትስስር ስለ መቋረጡና ስለ ሥነ ልቡና ጉዳት ካሣ እንዲከፈል ደነገገ። ይህን ለአክስታችን ብንነግራቸው፥ «ስንት ብለው ገመቱት?» ብለው ጠየቁን።

ምትክ ቦታው ከአያት ወዲያ ነው። አክስታችን የቀድሞ ዕድራቸውን አልለቀቁም፤ የወር መዋጮአቸውን ለማድረስና ለቅሶ ለመሄድ በዚያው ባቡር ይሳፈራሉ። ባቡሮቹ በመለዋወጫ ዕጦት እየቆሙ መጠበቂያው በረዘመባቸው ቀኖች፥ ከተሳፋሪው ኹሉ ይልቅ የሚቈጡት እርሳቸው ናቸው።