በላንቴ ጭቃ

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ በዐባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር ባለችው በላንቴ ዝናም በዘነመ ጊዜ፥ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሙዝ እርሻ የሚገባውን አውቶሞቢል ጭቃ ይይዘዋል። ለዚህ ቀን የሚያዘው ዊንች በባትሪ የሚሠራው ይሁን ወይስ በእጅ የሚሠራው?

የባትሪው ፈጣን ነው። ነገር ግን ውኃ ገብቶ ሞተሩ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ባትሪው ጥቂት ስቦ ይደክማል፤ አዳኝ የተባለውም ከታሰረው ጋራ ይታሰራል። ደግሞም ከፊት የተተከለ ስለ ሆነ ወደ ኋላ መሳብ አይሆንለትም። የእጁ ዊንች ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ የሽቦውን ገመድ በጥቂት በጥቂቱ ይስባል፤ ላብ ይጠይቃል እንጂ ሞተር አይጠይቅም። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ያመጣው አውቶሞቢልስ ክፉውን ስፍራ ያለፈው በሰው ክንድ አይደለምን? ወደ ላንቴ ለሚመላለስ ሰው የእጁ ይበልጥበታል።

የሁለቱም ጭንቅ ማሰሪያው ነው። በዚያ ዙሪያው ሙዝ ነው፤ ሙዝም እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ግንድ፥ ወርቁ ውኃ። ገመድ ያሰሩበት እንደ ሆነ ይገነደሳል፤ የገበሬውም ጉርሥ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጠንካራ ዛፍ ከሌለ፥ ጕድጓድ ቆፍሮ ትርፉን ጎማ መቅበርና በእርሱ ማሰር ነው። አካፋ አይረሳ፤ ለሚረዱት ጎልማሶችም ዋጋቸውን አስቀድሞ መቍረጥ ይገባል። ሽቦው ሲወጠር ግን ማንም በአጠገቡ አይቁም።