ኮባው ያስተማረን የሸክላ ማሰሮ

ጓሮ ይዞ የኖረ ሰው ጓሮ የሌለው ቤት ሲገባ የሚያጣው አፈሩን ብቻ አይደለም። ሱብሒን ሰግዶ ሲነሣ የሚጠብቀው ሥራ፣ ጎረቤት «እስቲ ትንሽ በሶብላ ስጭኝ» ብላ የምትመጣበት ምክንያት፣ ቡና ሲፈላ የሚቀነጠሰው ጤና አዳም፣ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ብዙዎቻችን በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን ከአገር ቤት ወደ ከተማ ስናመጣ ስለ መኝታቸው፣ ስለ ምግባቸውና ስለ ሐኪማቸው እንጨነቃለን። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን «እጃቸው ምን ይሥራ?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ በመርጡለ ማርያም ከተማ ነው። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መጣች። ስትመጣ ከልብሷ ይልቅ የተጠነቀቀችለት በዱቄት ወተት ጣሳ የተከለቻቸው ችግኞች ነበሩ፤ በሶብላ፣ ናና፣ ጤና አዳምና አንድ እግር እሬት። በሦስት ወር ውስጥ ከእሬቱ በቀር ሁሉም አለቁ። እናቴ ምንም አላለችም። ባዶዎቹን ጣሳዎች ግን አልጣለቻቸውም፤ አጥባ በመስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው።

ተክል ቤት ውስጥ ለምን ይሞታል? ብዙ ሰው በውሃ ጥም ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን የሚገድለው ውሃ መብዛቱ ነው። ጣሳ አይተነፍስም፤ ከታች ካልተበሳ ውሃው ያቁርና በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ያስወጣል። ሥር ደግሞ እንደኛው አየር ይፈልጋል፤ ሲታፈን ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ያየው ሰው «ጠማው» ብሎ ይጨምርበታል፤ ተክሉም ይባስ ይታመማል። ሁለተኛው ገዳይ የብርሃን ማነስ ነው። ለዓይናችን ደማቅ የሚመስለን ክፍል ለበሶብላ ጨለማ ነው፤ ከመስኮቱ ጥቂት እርምጃ በራቅን ቁጥር ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል።

እኔ በንድፍ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከወረቀት ጀመርኩት። መልሱ ግን የተገኘው ወረቀት ላይ ሳይሆን በአሮጌው ጓሯችን ነው። ለዒድ መርጡለ ማርያም በሄድኩበት ጊዜ የክረምቱ ዝናብ ይወርድ ነበር። በኛ አገር ኮባ የሚተከለው እንደ ደቡቡ ለቆጮ ሳይሆን ቅጠሉ ለድፎ ዳቦ እንዲሆን ነው፤ ተክሉ ግን ያው እንሰት ነው። ዝናብ ሲመታው ልብ ብሎ ላየው ድንቅ ነው። ሰፊው ቅጠል የወረደበትን ውሃ ወደ መሐል አከርካሪው ይሰበስባል። አከርካሪው እንደ አሸንዳ የጎደጎደ ስለሆነ ውሃውን ቁልቁል ወደ ግንዱ ይነዳዋል፤ እዚያም የቅጠሎቹ እግሮች ተደራርበው በተቃቀፉበት ሥፍራ ከፊሉ ይያዛል፣ የቀረው ወደ ሥሩ ይወርዳል። ኮባ የሚያጠጣው ሰው ሳያስፈልገው ዝናቡን ራሱ ወደሚፈልግበት ቦታ ይመራል።

ሁለተኛው አስተማሪ እንስራ ነው። ውሃ የሞላ እንስራ ውጭው እርጥብ ይላል፤ «አላበው» እንላለን። ሸክላ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲተንም ውስጡን ያቀዘቅዛል። በእነዚሁ ቀዳዳዎች ውሃ ከታች ወደ ላይም ይሳባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ማለት ነው። ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። የቻይና ገበሬዎች ውሃ የሞላ የሸክላ ማሰሮ ከተክል ሥር ይቀብሩ እንደነበር ከ2000 ዓመት በፊት የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይመሰክራል።

ሁለቱን አጋጥመን አንድ ዕቃ ለማሠራት ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ዘንድ ሄድኩ። ውጭኛው ማሰሮ እንደ ወትሮው ተወልውሎና ተሟሽቶ ውሃ የሚይዝ ይሁን፤ በውስጡ የሚቀመጠው ሁለተኛው ግን ሳይወለወልና ሳይሟሽ ይቅር፣ ከሥሩም ውሃው ውስጥ የምትጠልቅ እግር ትኑረው አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‘እንዳያፈስ’ እየተባልኩ ነው የሠራሁት። ዛሬ ደግሞ የሚያፈስ ሥሪልኝ የሚል መጣ!» አሉ። የመጀመሪያው ሲደርቅ እግሩ ላይ ተሰነጠቀ፤ ወፍራሙ ክፍል ከቀጭኑ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ነው። መፍትሔውን ያመጡት እርሳቸው ናቸው፤ እግሩን እንደ ጀበና አንገት ውስጡን ክፍት አድርገው ሠሩት፤ ከጭቃው ጋርም የጤፍ እብቅ ለወሱበት። እብቁ በእሳት ሲቃጠል ቦታው ባዶ ይቀርና ሸክላው ይበልጥ ውሃ ይስባል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል ኖሯል። እጀ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቀጠለ። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ.) በእጃቸው ብረት ሠርተው ይበሉ እንደነበር ለልጆቻችን እየነገርን፣ በማሰሮው እየበላን ማሰሮውን የሠራውን እጅ መናቅ እንዴት ይገጥማል? የእኒያ እናት ዕውቀት ከኔ ንድፍ የሚያንስ አልነበረም።

ማሰሮው በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። በአንድ ጎኑ እንደ ኮባ አከርካሪ የጎደጎደች አሸንዳ አለችው፤ ውሃ የሚጨመረው በእርሷ ነው። ከአፈሩ በታች በጎኑ አንዲት ቀዳዳ ተበስታለች፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍ በእርሷ ይወጣል፣ ሥሩም አይታፈንም። በአሸንዳይቱ አፍ ቀጭን ሸምበቆ ይቆማል፤ ውሃው ሲሞላ ብቅ ይላል፣ ሲጎድል ይሰምጣል። አፈሩ ሲደርቅ ሸክላው ውሃ ይሰጠዋል፤ ሲርስ መሳቡ ይቀንሳል።

የእህቴ ልጅ፣ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪው፣ ይህ አላረካውም። በዛሬ ቋንቋ «ስማርት» የሚባለው አፈሩ ውስጥ ተተክሎ እርጥበት የሚለካ፣ ለስልክ መልእክት የሚልክ፣ ፓምፕ ከፍቶ የሚያጠጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር የተጀመረችው አርዱይኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ይህን ሥራ ለተማሪ ኪስ ቅርብ አድርጋዋለች። ልጁም ሠራው፤ በትክክልም ሠራለት። ለአያቱ ሲያሳያት «አያቴ፣ ከእንግዲህ ምንም አትነኪም» አላት። እርሷም ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ፣ «ታዲያ እኔ ምን ልሁን ልጄ?» አለችው።

ያ ጥያቄ ንድፋችንን ለወጠው። እኛ ከድካም ልንገላግላት ስናስብ፣ እርሷ የምትፈልገው የሚፈልጋትን ነገር ነበር። ስለዚህ ፓምፑ ወጣ። የማሰሮው ሆድ ወር የሚበቃ ውሃ እንዲይዝ ሰፊ ሊደረግ ሲችል አነስ ብሎ ቀረ፤ ብትታመም ወይም አገር ቤት ለለቅሶ ብትሄድ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ በላይ ግን እጇን ይጠብቃል። የእርጥበት መለኪያው ለልጁ ቀረለት፤ ሸምበቆው ደግሞ ለእርሷ።

በዚህ መንገድ ለሚጀምሩ ቤተሰቦች ጥቂት ልጨምር። በሶብላና ናና እርጥበት ስለሚወዱ ይህ ማሰሮ ይስማማቸዋል፤ በመስኮት ጥግ ወይም በበረንዳ ይቀመጡ። ጤና አዳምና እሬት ግን ሥራቸው ደረቅ ማለት ስለሚወድ ከታች በተበሳ ተራ ሸክላ ይተከሉ። ከሸክላው ውጭ የሚወጣው ነጭ ነገር በውሃው ውስጥ ያለ ጨው ነው፤ በብሩሽ ይለቃል። ደግሞም «ተክል የቤቱን አየር ያጠራል» የሚለውን ወሬ በልክ ያዙት። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የሕዋ ድርጅት በዝግ ሣጥን ከተደረገ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ሙከራዎቹን መልሶ ሲያሰላ፣ ተክል ተራ የአየር ዝውውርን እንዲተካ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል አለ። መስኮት መክፈት ይቀላል።

ስለ ውሃውም እናቴ የራሷ ሥርዓት አላት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ በብዙ ሊቃውንት ስሌት ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ቧንቧ ቀርቶ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን እርሷ ውዱኧዋን በሳፋ ላይ ታደርጋለች፤ ሳፋው ውስጥ የቀረውን በአሸንዳይቱ ታፈሰዋለች። ሸምበቆው ብቅ ሲል ታቆማለች።

አሁን ከታችኛው ፎቅ ያሉ እናቶች ናና ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ሻይ ሳይጠጡም አይመለሱም። ወላጆቻችሁን ወደ ከተማ የምታመጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጓሯቸው አንድ ማሰሮ አፈር ከነችግኙ አብራችሁ ጫኑ። ሸክላውንም ከዚያው ከሠፈራቸው ሸክላ ሠሪ፣ ዋጋ ሳትከራከሩ ግዙ። አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን።