ለእማዬና ለቤታችን ሰው ሁሉ፣ ከፊላደልፊያ

ታኅሣሥ 26

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለአባባ፣ ለአያዬና ለመላው ቤተሰብ። የአባባ ደም ግፊት እንዴት ሆነ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ እንደ ልማዳቸው «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ ይተዉታል?

ስለ ብርዱ አትጨነቂ። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም ብዬ ነው የወጣሁት፣ አሁንም ቃሌ ያው ነው። ብቻ ይኼኛው ንፋስ አለበት፤ በጆሮ ገብቶ ጥርስ ያማል። የከተማችንን ብርድ ልብስ ማታ ማታ አስበዋለሁ።

ከተማውን እንደ ሰፈሬ ለምጄዋለሁ። ዊልያም ፔን የሚባል ሰው በ1682 ሲቆረቁራት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ጎዳናዎቹን ቀጥ ቀጥ አድርጎ አሰመራቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት በቁጥር ይጠራሉ፣ የሚያቋርጧቸው ደግሞ ብዙዎቹ በዛፍ ስም፦ ዋልነት፣ ቼስትነት፣ ስፕሩስ፣ ፓይን። ስለዚህ መንገድ መጥፋት የለም፣ የአውቶቡሱም ገንዘብ ይተርፋል። እዚህ ሰዎች «አሮጌ ከተማ ነን» ሲሉ በኩራት ነው። እኔም የዘርዐ ያዕቆብ ከተማ ልጅ መሆኔን፣ የእኛዋ ከእነሱዋ በ200 ዓመት እንደምትበልጥ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ስልኬን አውጥቼ አስነበብኩት።

ዋጋውን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አንድ ቡና 5 ዶላር ነው። አቦል የለ፣ ቶና የለ፤ በወረቀት ስኒ ይዘሽ እየሮጥሽ ትጠጪያለሽ። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ደግሞ ቺዝስቴክ ይባላል፤ በረዥም ዳቦ ውስጥ በስሱ የተከተፈ ጥብስ፣ ሽንኩርትና የቀለጠ አይብ ያለበት። በ1930 አንድ ሳንዱች ሻጭ ለራሱ ምሳ የጠበሰውን ሥጋ አንድ ባለታክሲ ሽታው ስቦት «ለእኔም ሥራልኝ» ስላለው ተጀመረ ይባላል፤ አይቡ በኋላ የመጣ ነው። ጾሙ ሳይገባ ልቅመሰው ብዬ አንድ ቤት ተሰለፍኩ። ልማዱ፣ ተራሽ ሲደርስ የአይቡን ዓይነትና ሽንኩርት ይግባ አይግባ በሁለት ቃል ተናግረሽ ገንዘቡን መስጠት ነው። እኔ «እንደምን ዋልክ» ብዬ ጀመርኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ በእጁ ዞር በይ አለኝና ከኋላዬ ያለውን ጠራ። እማዬ፣ ሰላምታ ነው እኮ የሰጠሁት! ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢሆንም እንደገና ተሰልፌ በላሁት፤ 15 ዶላር፣ በእኛ ከሁለት ሺህ ብር በላይ። ጣዕሙ ደህና ነው፣ ሚጥሚጣ ግን ይጎድለዋል።

አሁን በጾሙ የያዝኩት ፕሬትዝል የሚሉትን ጠመዝማዛ ዳቦ ነው። ጀርመኖች ናቸው ወደዚህ አገር ያመጡት፤ ላዩ ላይ ሻካራ ጨው አለበት፣ ርካሽ ነው፣ ሆድ ይይዛል። አያዬ አሁንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት? በዚህ ዕድሜዎ ይቅርብዎ በያቸው እባክሽ፣ እኔ ነኝ ያልኩት በያቸው።

ኤልፍሬትስ አሌይ የምትባል በድንጋይ የተነጠፈች ጠባብ መንገድ አለች። 32 ቤቶች ናቸው ያሏት፤ ከ1700ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሳይለያት እስከ ዛሬ ይኖርባታል። ያኔ አንጥረኛና ልብስ ሰፊ የሠፈረባት ነበረች። አሁንም በሩ ላይ የገና አክሊል ተሰቅሏል፣ ደጃፉ ላይ የቆሻሻ ገንዳ ቆሟል። ከፎቁ መስኮት ወደ ታች የተንጋደደ መስታወት ወጥቷል፤ እመቤቲቱ ከላይ ሆና በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ የምታይበት ነው። አንቺም ከጓዳ ሳትወጪ እንግዳሽን ታዪበት ነበር፤ የሚሸጥ ካገኘሁ እልክልሻለሁ። በዚያው አካባቢ አንዳንድ ቤት ግንባር ላይ አራት እጆች እርስ በርስ የተያያዙበት ብረት ተለጥፏል። በ1752 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የከተማው ሰዎች እያዋጡ ያቋቋሙት የእሳት አደጋ መድን ምልክት ነው። ይህን ለአባባ አንብቢላቸው፤ እድራቸው ስብሰባ ላይ ያወሩታል።

ይቺ መንገድ ልትጠፋ ነበር፣ እማዬ። በ1934 ነዋሪዎቹ ማኅበር አቋቋሙላት፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አውራ ጎዳና ሊበላት ሲል ተሟግተው አተረፏት። እዚያ ቆሜ የአያዬን ቤት ነው ያሰብኩት። ለመንገዱ ይፈርሳል የተባለው ምን ደረሰ? መጥተው ለኩ? ቀለም ቀቡበት? ካሳውንስ ጠየቃችሁ? ምንም ቢሆን ሳይነካ ፎቶ አንሱልኝ፤ የድንጋይ ግድግዳውን፣ ጉበኑን፣ አያዬ ጥጥ የሚፈትሉበትን መደብ። አደራ።

የነፃነት ደወል የሚሉትንም አየሁ። መግቢያው በነፃ ነው፣ ፍተሻ ብቻ አለበት። ከ9 ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ላዩ ላይ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 10 የተወሰደ ቃል ተቀርጿል፣ አባባ ያውቁታል። በ1752 ከለንደን መጥቶ ገና ሲሞከር ተሰነጠቀ፤ ፓስና ስቶው የሚባሉ የከተማው ሰዎች አቅልጠው እንደ አዲስ አፈሰሱት። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ተሰነጠቀ። በፎቶ የምታዩት ሰፊ ክፍተት ራሱ ስንጥቁ አይደለም፤ እንዳይብስ ብለው በመሰርሰሪያ ያሰፉት ነው። ጠጋ ስትዪ ከክፍተቱ ጫፍ ሌላ ቀጭን መስመር ሽቅብ ስትሄድ ታያለሽ፤ በ1846 ድምፁን ለዘለቄታው የዘጋችው እሷ ናት። «የነፃነት ደወል» የሚለውን ስም የሰጡትም ባርነት ይቅር እያሉ ይታገሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ በ1830ዎቹ።

ከደወሉ በር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የተቀመጡበት ቤት ቦታ አለ። ቤቱ ፈርሷል፤ ቅርጹን የሚያሳይ ግድግዳ ብቻ ነው የቆመው። እዚያ ቤት በባርነት ያገለገሉ የ9 ሰዎች ስም ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በ1780 በወጣው የፔንሲልቬንያ ሕግ፣ ጌታው ከሌላ ግዛት ያመጣው ባሪያ ስድስት ወር ከተቀመጠ ነፃ መውጣት ይችል ነበር። ፕሬዚዳንቱም ስድስት ወሩ ሳይሞላ ከግዛቱ ያስወጧቸውና ይመልሷቸው ነበር፣ ቀኑ እንደገና ከአንድ እንዲጀምር። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ደወሉን ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ በዚያ በኩል ፎቶ እየተነሳ ያልፋል።

ከ9ኙ አንዷ ኦና ጀጅ ትባላለች፣ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ልብስ ሰፊና ደንገጡር። ለእመቤቲቱ የልጅ ልጅ ስጦታ ሆና ልትሰጥ መሆኑን ሰማች። በግንቦት 1796 ጌቶቿ ማዕድ ላይ ሳሉ ወጥታ ሄደች፤ በመርከብ ኒው ሃምፕሺር ገባች። በጋዜጣ አስነገሩባት፣ ሰው ላኩባት፤ በ1848 እስክትሞት ድረስ አልተመለሰችም።

እማዬ፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ሚጣችን ደውላ ታውቃለች? ፓስፖርቷን ማዳሟ መለሰችላት? ደመወዟስ? ለእኔ «ደህና ነኝ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነው የምትልክልኝ፣ ያውም ሌሊት። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች ሳነብ የእሷ ፊት ነው ድቅን ያለብኝ። ለእኔ የማትነግረኝን ለአንቺ ትነግርሽ ይሆናል። አትደብቂኝ፤ የማውቀው ነገር ቢያስለቅሰኝም ከማላውቀው ይሻለኛል።

የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለት ከምቀመጥ ብዬ ብሮድ ስትሪት ወጣሁ። ማመርስ የሚባሉ ጭፍሮች ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ደቡብ እየጨፈሩ ይወርዳሉ፤ ባንጆ፣ ሳክስፎን፣ አኮርዲዮን፣ ላባ የተሰካበት ልብስ፣ ትንንሽ ጃንጥላ። ከተማው ሰልፉን በይፋ የያዘው በ1901 ነው፤ ድሮ ግን እንደ ሆያ ሆዬ በየደጁ እየዞሩ፣ ግጥም እየወረወሩ፣ ኬክና መጠጥ የሚቀበሉበት ነበር። ልብሱን ዓመቱን ሙሉ ሲሰፉ ይከርማሉ። ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁር ሰው የሚሳለቁም ነበሩባቸው፤ በ1964 ተከለከለ። ይህን ሳውቅ ደስታዬ ቀነሰ፤ ሙዚቃው ግን ያምራል፣ አልዋሽሽም።

አጠገቤ የቆሙ አሮጊት ከፔርሙዛቸው ትኩስ ቸኮላት ቀዱልኝ። ወተት አለበትና ጾመኛ ነኝ አልኳቸው፤ ቅር እንዳይላቸው ስኒውን እጄን እንዳሞቅበት ያዝኩት። «ብቻሽን ነሽ?» ሲሉኝ «ቤተሰቦቼ እየጠበቁኝ ነው» አልኳቸው።

የገናን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ነው የማድረው፤ ጠዋት እዚህ በዓል ስላልሆነ ሥራ እገባለሁ። ምዕራብ ፊላደልፊያ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ የእኛ ሰዎች አሉ፤ እንጀራ ከዚያ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ሽሮዬም ገና አላለቀም። ዶሮ ወጥ ራሴ እሠራለሁ፣ ድልሁን አንቺ እንዳሳየሽኝ። ለበጉ የሚሆን ገንዘብ ልኬያለሁ፣ የሐዋላውን ቁጥር ለአባባ በስልክ ጽፌላቸዋለሁ። ትልቅ በግ ግዙ፣ ለአያዬም ጉበቱን አስቀሩላቸው። ሚጣ ስትደውል ስልኬ ሌሊትም ክፍት ነው በያት፣ ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ። አባባ የመነጽራቸውን ቁጥር ያስለኩና ይላኩልኝ፤ በፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ፣ በእሱ እልክላቸዋለሁ።

ልጅሽ